ወንዙ ይገማል፣ ወረቀቱ ግን ዜሮ ይላል

ጥያቄ፦ ቀበና ወንዝ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ከአካባቢ ጥበቃ ክበባችን 18 ተማሪዎች ጋር ከጥቅምት ጀምሮ የወንዙን ውሃ እየለካን ነው። የምንለካው ዘመድ ከአሜሪካ ባመጣልን፣ ለዓሣ ገንዳ በሚሸጠው የመመርመሪያ ወረቀት ነው። ከላይ፣ ወደ እንጦጦ በኩል፣ ናይትሬት 10 ያሳየናል። ከታች፣ አፍንጫ የሚያሲዘው ቦታ ላይ፣ ዜሮ ይላል። አንዷ ተማሪ «ታዲያ የሚገማው ነው ንጹሑ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። ወረቀቱ ተበላሽቶ ይሆን? ደግሞስ እኛ የለካነውን ማን ይሰማናል?

ምላሽ፦

መምህርት፣ መጀመሪያ ለተማሪዋ አድናቆቴን ያድርሱልኝ። ይህን ጥያቄ ዓመታት ላብራቶሪ ውስጥ ቆይተውም ያልጠየቁ ሰዎች አውቃለሁ። አንዱ እኔ ነበርኩ።

ወረቀቱ ደህና ይመስለኛል። እንዴት እንደምታረጋግጡ ኋላ እመጣበታለሁ። ዜሮውም እውነተኛ ዜሮ ሳይሆን አይቀርም። እንዲያውም በዚያ ሽታ ላይ ናይትሬት ቢገኝ ነበር የሚገርመኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመጸዳጃ ቤት በሚወጣ ፍሳሽ ውስጥ ናይትሮጅን ሞልቷል። ሲወጣ ግን ገና ናይትሬት አልሆነም። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ቶሎ ብሎ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያው ናይትሬት የሚሆነው ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ካለ ነው። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል። ሌላው ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ሁለቱም ያለ ኦክስጅን አይሠሩም።

አሁን ፍሳሹ ሲበዛ የሚሆነውን ያስቡት። ቆሻሻውን የሚበሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን አሟጠው ይጨርሱታል። ኦክስጅኑ ስላለቀ ግን ከማዕዱ አይነሱም። በኦክስጅን ፋንታ ናይትሬቱን ይተነፍሱታል። ናይትሬቱ ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። እሱም ሲያልቅ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተራውን ይዘው ሰልፌትን ይተነፍሳሉ። ያ የተበላሸ እንቁላል ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። ከስር ያለው ጭቃ የከሰለውም ሰልፋይዱ ከብረት ጋር ስለተዋሃደ ነው።

ስለዚህ የተማሪዋ አፍንጫና ወረቀቱ አልተጣሉም። አፍንጫዋ «ሰልፌት ላይ ደርሰዋል» ይላታል። ወረቀቱ ደግሞ «ናይትሬቱን ቀድመው ጨርሰውታል» ይላታል። ከላይ ያገኛችሁት 10 ደግሞ ኦክስጅን ባለበት ውሃ ውስጥ የሚጠበቅ ነገር ነው። ከአፈር፣ ከፍግ፣ ወይም ከላይ ካሉ ጉድጓድ መጸዳጃዎች ሊመጣ ይችላል። ብዙም የሚያስደነግጥ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የወረቀቱን ዕቃ ገልብጠው ያንብቡት። አንዳንዱ ቁጥሩን የሚሰጠው በናይትሬት ነው። አንዳንዱ ናይትሬቱ ውስጥ ባለው ናይትሮጅን ብቻ ነው። ልዩነታቸው ወደ አራት ተኩል እጥፍ ይጠጋል። ናይትሮጅኑን የሚቆጥር ከሆነ የእናንተ 10 ናይትሬት ሲሆን 44 ገደማ ነው፤ ወደ ጣሪያው የተጠጋ ማለት ነው። በዚህች ነገር የተሳሳተ የታተመ ጽሑፍ ሁሉ አይቻለሁ።

ታዲያ ምን ትለኩ? ናይትሬቱን አትተዉት፤ ብቻውን ግን ምንም አይነግራችሁም። ከጎኑ አሞኒያ መለኪያ ያስፈልጋችኋል። እሱም ለዓሣ ገንዳ የሚሸጥ ነው፤ ጠብታ ጨምራችሁ ቀለሙ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ሲሄድ የምታነቡት ዓይነት። ዘመድዎ በሚቀጥለው ሲመጡ ያምጡልዎ። የሚያበቃበትን ቀን አይተው ይግዙ ይበሏቸው። ከታች አሞኒያው ጣሪያ ነክቶ ናይትሬቱ ዜሮ ከሆነ ታሪኩ ሞላ ማለት ነው። ትኩስ ፍሳሽ ገብቷል፣ ኦክስጅንም የለም።

ሁለተኛው ኦክስጅኑ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ዋናው ቦታ ይሄ ነውና።

አንድ ጊዜ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ከእንጦጦ ግርጌ ንጹሕ ጅረት ለክተው በድንጋጤ ደወሉልኝ። «ኦክስጅኑ 6.7 ነው፣ መመሪያው 9 መሆን አለበት ይላል፣ ወንዙ ከምንጩ ታሟል» አሉኝ። ጅረቱን አውቀዋለሁ። ሸርጣን ይሮጥበታል። ችግሩ መመሪያው ላይ ነበር። የተጻፈው ባህር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ በባህር ጠለል ላይ፣ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሩጫ ሊለማመዱ የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች ትንፋሽ የሚያጥራቸው በዚሁ ምክንያት ነው። እዚህ ያው ውሃ በያው ሙቀት ጢም ብሎ ሲሞላ ወደ 6.8 ነው። የልጆቹ 6.7 ሙሉ ጤና ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ኦክስጅን ስትለኩ ሁልጊዜ የውሃውን ሙቀት አብራችሁ ጻፉ። ሙቀት ሲጨምር ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ውጤቱን «ከሚችለው ውስጥ ስንት እጅ ያዘ» ብላችሁ በመቶኛ አስሉት። ከፍታችሁን ያስገቡ። ለሒሳብ መምህሩ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ጥሩ ሥራ ነው።

ሦስተኛው በኪስ የሚያዝ የኮንዳክቲቪቲ መለኪያ ነው። ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ይነግራችኋል፤ ማለትም ምን ያህል ጨውና ማዕድን እንደሟሟበት። አንድ መሣሪያ ብቻ ግዙ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ርካሽ ነው፤ ባትሪ ከመቀየር ሌላ ወጪ የለውም፤ ልጅም ያነበዋል። ሽንት፣ ሳሙና፣ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ ሁሉም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ምን እንደገባ አይነግራችሁም። የት ላይ እንደገባ ግን ይነግራችኋል። ወንዙን ተከትላችሁ በየሁለት መቶ ሜትሩ ስትለኩ ቁጥሩ በድንገት ከዘለለ፣ እዚያ መሃል አንድ ቱቦ ፈልጉ።

አራተኛው የውሃው መጥራትና መደፍረስ ነው፤ በዓይን ይለካል። ረጅም፣ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ስሩ ላይ ጥቁርና ነጭ ክብ ምልክት ይለጠፍበታል። ውሃውን እየሞላችሁ ከላይ ታያላችሁ። ምልክቱ የጠፋበትን ከፍታ በሴንቲ ሜትር ትጽፋላችሁ። አለቀ። ምልክቱ ጣሊያናዊው ቄስ አንጀሎ ሴኪ በ1865 እ.ኤ.አ. ባህር ላይ ከሞከረው ክብ ሰሃን የመጣ ነው። ፒኤችና ፎስፌት ወረቀታችሁ ላይ ካሉ ለኳቸው፤ ዋና ነገር ግን አታድርጓቸው። ፎስፌት ከሳሙናና ከፍሳሽ ይመጣል፤ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ የተንጣለለውን እምቦጭ ከሚመግቡት ነገሮች አንዱ ነው። ፒኤች ደግሞ የውሃውን አሲድነት የሚናገር ቁጥር ነው፤ ቆዳ ፋብሪካ ባለበት ወንዝ ላይ ይጠቅማል፤ ፀጉር ማውለቂያው ኖራ ሲለቀቅ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። ቀበና ላይ ግን ብዙም ላያወራችሁ ይችላል። ክሮሚየምና እርሳስን የመሰሉ ከባድ ብረቶችን በወረቀት እንለካለን ብላችሁ አትድከሙ። የላብራቶሪ ሥራ ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ተማሪዎችዎ የባዮሎጂ ተማሪዎች ናቸው። ታዲያ ለምን ኬሚስትሪ ብቻ?

ወረቀት የሚነግራችሁ የዚያችን ደቂቃ ነገር ነው። ድንጋይ ስር የሚኖሩ ትንንሽ ፍጥረታት ግን ወሩን ሙሉ እዚያው ናቸው። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ በጠዋት ወረቀት ላይ ላይታይ ይችላል። እነሱ ግን ይሞታሉ ወይም ይጠፋሉ። ደቡብ አፍሪካውያን ይህን ለተማሪና ለሰፈር ሰው አቅልለው ሚኒሳስ የሚባል ዘዴ ሠርተዋል። ፍጥረታቱን በ13 ቡድን ይከፍላቸዋል። ለእያንዳንዱ ቡድን ለብክለት እንዳለው ስስነት ነጥብ አለው፤ ስሱ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል። ትላትል፣ አልቅትና የዝንብ እጮች 2 ነጥብ ናቸው። ቀንድ አውጣ 4፣ ሸርጣን 6። ጠጠር አጣብቃ ቤት የምትሠራዋ ወይም መረብ የምትዘረጋዋ እጭ 9። በሆዷ ጎን ላባ የመሰለ መተንፈሻ ያላት፣ ባለ ሦስት ጭራዋ 11፤ ከሷ ወገን ቀጭኗና ዋናተኛዋ ግን ቻይ ስለሆነች 5 ብቻ። ከሁሉ ስሷ፣ ባለ ሁለት ጭራ የድንጋይ ነዋሪ፣ 17።

ያገኛችሁትን ቡድን ነጥብ ደምሩ፣ በቡድኑ ብዛት አካፍሉ። ለምሳሌ ከላይ ሸርጣን፣ ቤት ሠሪዋን፣ ሁለቱንም ባለ ሦስት ጭራዎችና የዝንብ እጭ ብታገኙ፦ 6፣ 9፣ 11፣ 5፣ 2። ድምሩ 33፣ ለአምስት ሲካፈል 6.6። ከታች ትል፣ አልቅትና የዝንብ እጭ ብቻ ከሆነ አማካዩ 2 ነው። ስንት ሺህ ትል ብታገኙ ለውጥ የለውም፤ የሚቆጠረው ቡድን ነው።

ነጥቦቹ ለደቡብ አፍሪካ የተቀመሩ ናቸው። ለኛ ደጋ ወንዞች ኢትባዮስ የሚባል ነጥብ አሰጣጥ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ እሱ ግን ፍጥረታቱን እስከ ሥነ ሕይወታዊ ቤተሰባቸው (ፋሚሊ) ድረስ መለየትን ስለሚጠይቅ ለክበብ ይከብዳል። በሚኒሳስ ጀምሩ። የላዩን ከታቹ፣ የዘንድሮውን ከአምናው ለማወዳደር ይበቃችኋል።

ከታች ያለውን ቀይ ትል ለተማሪዎቹ አጉልታችሁ አሳዩአቸው። የቀላው እንደኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው። ኦክስጅን በጠፋበት ጭቃ ውስጥ ያቺን የተገኘችውን አፍኖ ይይዛታል። ጭራውን እንደ ቱቦ ወደ ላይ አውጥቶ ከአየር የሚተነፍስ እጭም አለ። እሱን ካያችሁ ውሃው ውስጥ ለመተንፈስ የሚሆን ነገር አልቋል ማለት ነው። ከታች ግን ማንም ልጅ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ። የወጥ ቤት ወንፊት ረጅም እንጨት ላይ አስራችሁ ከዳር ቅዱ።

ስለ ጊዜና ቦታ አንድ ነገር ልበል፤ አብዛኛው የበጎ ፈቃደኛ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወንዝ ሰዓት አለው። አረንጓዴ አልጌ ያለበት ውሃ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ኦክስጅኑ ይጨምራል፤ ሊነጋ ሲል ደግሞ ከሁሉ ዝቅ ይላል። ቅዳሜ ልብስ የሚታጠብበት ቦታ ማክሰኞ ሌላ ነው። አንዱን ቡድን ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሌላውን ከሰዓት 9 ሰዓት ልካችሁ ውጤቱን ብታወዳድሩ፣ የምታወዳድሩት ቦታውን ይሁን ፀሐዩን አታውቁም። ስለዚህ ሦስት ቦታ ብቻ ምረጡ። አንዱ ከሰፈሩ በላይ፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ከታች። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ድልድይ ቢሆን ይሻላል፤ ባልዲ በገመድ ይወርዳል፣ ልጅ አይወርድም።

ሦስት ቦታ ለሁለት ዓመት ከተለካ፣ ሠላሳ ቦታ ለአንድ ቀን ከተለካው ይልቅ ለኔ ይጠቅመኛል። እኛ ላብራቶሪ ያለን ሰዎች ውድ መሣሪያ አለን፤ ወንዙ ጋ የምንሄደው ግን መኪናና አበል ሲገኝ ነው። እናንተ በየሳምንቱ እዚያ ናችሁ። የመጀመሪያው የሰኔ ጎርፍ ከተማውን አጥቦ ሲወርድ እኛ ቢሮ ነን። ያ ጎርፍ ከዓመቱ ሁሉ የቆሸሸው ሊሆን ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ብዙ ዝናብ ስለሚያቀጥነው ቁጥሩ ይወርዳል። ወንዙ የጸዳ ይመስላል። አልጸዳም፤ ቀጥኗል። ይህን የሚያየው በየሳምንቱ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው።

የሰፈር ሰው የሚለካው ይታመናል ወይ? በአዊ፣ ዳንግላ ወረዳ፣ ገበሬዎች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝናብ፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውሃ በየቀኑ ሲለኩ ቆይተዋል። ተመራማሪዎች ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር ሲያስተያዩት ጥራቱ የሚያሳፍር አልነበረም። መቂ ወንዝ ላይም በጎ ፈቃደኞች የውሃ ጥራት የለኩበት ጥናት ተሠርቷል። ነገር ግን እምነት በራሱ አይመጣም። መንገዱ አለው።

ዘዴው ብዙ ወጪ የለውም። እያንዳንዱን ልኬት ሦስት ጊዜ አድርጉ፤ የተለያዩ ልጆች አንዱ የሌላውን ሳያይ ያንብብ። በየወሩ አንድ ጊዜ የታሸገ ውሃ ለኩ። እዚያ ላይ አሞኒያ ካገኛችሁ የተበላሸው መሣሪያችሁ ነው። ኮንዳክቲቪቲ መለኪያውን ለመፈተን 5 ግራም የገበታ ጨው በወርቅ ሚዛን ይመዝኑ። ጉልት አጠገብ ያለ የወርቅ ሠሪ በነፃ ይመዝንልዎታል። በአንድ ሊትር የተጣራ የባትሪ ውሃ ይበጥብጡት። ከዚያ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ወስደው በሌላ የባትሪ ውሃ አንድ ሊትር ያድርሱት። መሣሪያው 1,000 ማይክሮሲመንስ አካባቢ ማንበብ አለበት። የባትሪ ውሃ ሲገዙ አሲድ ያልተጨመረበት መሆኑን ያረጋግጡ።

የተጠራጠራችሁትን ቁጥር አትደምስሱ። አጠገቡ «ተጠራጥረናል» ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ። በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናብ ከዘነበ ስንት ቀን እንደሆነው፣ የለካውን ሰው ስም። ፎቶም አንሱ፤ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ።

የራሴን ጥፋት ልንገርዎ። ጀማሪ ሳለሁ ከአንድ ጅረት ውሃ የቀዳሁት በሃይላንድ ጠርሙስ ነበር። ቤት የተገኘውን ነው ያነሳሁት። ፎስፌቱ ሰማይ ነካ። ለአለቃዬ በኩራት አቀረብኩ፤ አዲስ የብክለት ምንጭ ያገኘሁ መስሎኝ። ለካ ጠርሙሱ ውስጥ እቤት ፈሳሽ ሳሙና ይቀመጥበት ኖሯል። ሦስቴ ያለቀለቅኩት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሶቼ ላይ «ለወንዝ ብቻ» የሚል አለ። ስትቀዱም ሁልጊዜ መጀመሪያ በራሱ በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፤ ውሃውን የምትደፉት ግን ከምትቀዱበት በታች።

ስለ ጀርም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኢ. ኮላይ የሚባለውን የሰገራ ምልክት የሚቆጥር ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ስስ ሰሌዳ አለ። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ ጠብ ታደርጉበታላችሁ፣ በ35 ዲግሪ ለአንድ ለሁለት ቀን ታቆዩታላችሁ፣ ሰማያዊ ነጥቦችን ከነአረፋቸው ትቆጥራላችሁ። ከታች ያለውን የቀበና ውሃ እንዲሁ ብታደርጉት ግን ሰሌዳው በሙሉ ይሸፈናል፤ የሚቆጠር ነገር አይኖርም። ስለዚህ አቅጥኑት። 1 ሚሊ ሊትር የወንዝ ውሃ በ99 ሚሊ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ። ከዚህ ላይ 1 ሚሊ ሊትር አድርጋችሁ 23 ነጥብ ብትቆጥሩ፣ ወንዙ በአንድ ሚሊ ሊትር 2,300፣ በ100 ሚሊ ሊትር 230,000 አለው ማለት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ጥሬውን ለሚበላ አትክልት መስኖ ያስቀመጠው ጣሪያ በ100 ሚሊ ሊትር 1,000 የሰገራ ኮሊፎርም (ኢ. ኮላይ ያለበት የባክቴሪያ ቡድን) ነበር። ወንዝ ዳር ሰላጣና ቆስጣ እንደሚለማ ያውቃሉ።

የአዲስ አበባ ክፍል ግን 35 ዲግሪ አይሞቅም። የእንቁላል መፈልፈያ ወይም አምፖል የገባበት ሳጥን ከቴርሞሜትር ጋር ይሠራል። ሲያልቅ ሰሌዳውን ሳትከፍቱ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጣሉት። ይህን ክፍል ተማሪ አይንካው፤ እርስዎ ይሥሩት፣ እነሱ ይቁጠሩ።

ጓንት፣ ሳሙና፣ የተሸፈነ ጫማ። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ልጅ ጸሐፊ ይሁን። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ። ከሁሉ በላይ ግን ሰማዩን እዩ። እናንተ ጋ ፀሐይ ቢሆንም እንጦጦ ላይ ደመና ከጠቆረ አትውረዱ። የእነዚህ ወንዞች ጎርፍ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚደርሰው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ። ማን ይሰማናል?

እውነቱን ለመናገር፣ በወረቀት የተለካ ቁጥር ይዞ ፍርድ ቤት የሚቆም የለም። ፋብሪካ ወይም ሆቴል ስም ጠርታችሁም አትነሱ። ቁጥራችሁ የሚለው «በዚህ ድልድይና በዚያ ድልድይ መሃል አንድ ነገር ገብቷል» ብቻ ነው። እሱ ግን ቀላል አይደለም። ባለሙያ የላብራቶሪ ጠርሙሱን ይዞ የት መሄድ እንዳለበት ይነግረዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11ን ያንብቡ። ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚበክል ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። አቤቱታው ላይ የሁለት ዓመት ደብተርና ከአንድ ቦታ የተነሱ ፎቶዎች ሲያያዙበት ንባቡ ይለወጣል።

ግን በአቤቱታ አትጀምሩ። ደቡብ አፍሪካ፣ ምፖፖሜኒ በምትባል ከተማ፣ ነዋሪዎች ያደረጉትን ልንገርዎ። ከነሱ በታች ሚድማር የሚባል የመጠጥ ውሃ ግድብ አለ። የአካባቢው ፈቃደኞች በየመንገዱ እየዞሩ ሞልተው የሚፈሱ የፍሳሽ ማንሆሎችን ቆጠሩ፣ በካርታ አስቀመጡ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ አሳወቁ። ወረቀት እንኳ አያስፈልገውም። ማንሆል ከሞላ ሞልቷል፤ ማንም አይከራከርም፤ የሚጠግነውም ሰው ይታወቃል። ቀበና ዳር ስንት እንደሚሞሉ ተማሪዎችዎ በአንድ ወር ይቆጥራሉ። ከላይ እስከ ታች ኮንዳክቲቪቲው የዘለለበትን ቦታ ከሞሉት ማንሆሎች ጋር አንድ ካርታ ላይ ያስቀምጡት። እኔ የውሃና ፍሳሽ ሠራተኛ ብሆን ከየትኛውም የናይትሬት ሰንጠረዥ በፊት የማየው ያንን ነው።

ከአገር ውጪም ጆሮ አለ። ኧርዝዎች የሚባለው ድርጅት ፍሬሽዋተር ዎች በሚለው ፕሮግራሙ በጎ ፈቃደኞች የለኩትን ናይትሬት፣ ፎስፌትና ድፍርስነት ይሰበስባል። ሴራሊዮንና ዛምቢያ ውስጥ በሕዝብ የተለካ መረጃ አገሮቹ ለተባበሩት መንግሥታት የውሃ ጥራት ሪፖርት እንዲጠቅም ተሠርቶበታል።

ደግሞ የቀበና ውሃ የት እንደሚሄድ ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው። ትልቁ አቃቂ ይገባል። ከዚያ አባ ሳሙኤል። ከዚያ አዋሽ። ከዚያ ቆቃ። አዳማ ከተማ የምትጠጣው ከአዋሽ የተጣራ ውሃ ነው። አዳማ ዘመድ ያለው ልጅ ክፍሉ ውስጥ አይጠፋም፤ ያኔ «ማን ይሰማናል» የሚለው ጥያቄ መልክ ይለውጣል።

ለዚያች ተማሪ የቤት ሥራ ልስጥ። ከታች፣ ከሚገማው ቦታ፣ በጓንት አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ ቅዱላት። አሞኒያውንና ናይትሬቱን ይለኩ። አሞኒያው ከፍ ያለ፣ ናይትሬቱ ዜሮ መሆኑን ያረጋግጡ። አሞኒያው ከቀለም ሰንጠረዡ በላይ ከሆነ በታሸገ ውሃ ያቅጥኑት። ከዚያ አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ ገልብጣችሁ በዓሣ ገንዳ የአየር ፓምፕ ቀን ከሌት አየር ስጡት። ልጆች በማይደርሱበት፣ መስኮት በተከፈተበት ጥግ ይቀመጥ፤ ስፖንጅ ቁራጭ ብታስገቡበት ባክቴሪያዎቹ ማረፊያ ያገኛሉ። በየሁለት ቀኑ ይለኩ። መጀመሪያ ሽታው ይጠፋል። ቀጥሎ አሞኒያው መውረድ ይጀምራል፤ ናይትራይት ብቅ ይላል። የአዲስ አበባ ብርድ ስለሚያዘገየው ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ይፈልጋል። ከዚያ ዜሮ የነበረው የናይትሬት ወረቀት መቅላት ይጀምራል። ወረቀቱ ደህና እንደነበር የምታረጋግጡትም ያኔ ነው። የቀላበትን ቀን ይጻፉልኝ።